የቴአትር ቤታችን ቃል አቀባይ

እትዬ ሹክታን ያወቅኋት በሰፈራችን ቴአትር ቤት መጋረጃ ሳቢ ሆኜ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ነው። ቴአትር ቤት እንበለው እንጂ ቀድሞ የጥጥ መጋዘን ነበር። የሰፈሩ ማኅበር መድረክ ሠርቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ግድግዳውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ነው ለቴአትር ያበቃው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ተዋናይ የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። የእኛ ወቅት ደግሞ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወጣቶች የትወና ሥልጠና ይከፈታል፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ይሠለጥናሉ፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትልልቆቹ ቴአትር ያሳያሉ።

እሷ የምትቀመጠው ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር፤ እኔ ገመዱን ይዤ ከምቆምበት ሁለት ክንድ አትርቅም። ዝቅ ያለች በርጩማ፣ ጉልበቷ ላይ የተዘረጋ ድርሰት፣ በካርቶን የተጋረደች ትንሽ አምፖል፣ በቃ። ሥራዋ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ ማቀበል ነው። «ቃል አቀባይ ያለው መንግሥት ብቻ ነው እንዴ?» እያልን እንቀልድባት ነበር። እሷም «እኔስ የተጻፈውን ነው የምናገረው» ትለን ነበር።

ሹክታ ያሏት በሥራዋ ብቻ አይደለም። እውነተኛ ድምፅ አልነበራትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ ቴአትር ቤቱ ገና ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ድርሰት ዋና ተዋናይ እሷ ነበረች። ቤቷን ሊቀሟት የመጡ ዘመዶቿን በዳኞች ፊት ስለምትሟገት ሴት የተጻፈ ነው። ሊታይ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንገቷ ላይ እጢ ወጣባት። ሐኪሞቹ እጢውን ሲያወጡ ድምፅዋንም አብረው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ፤ ቃሉ ይሰማል፣ ድምፁ የለም።

ቦታዋን ለሌላ ሴት ሰጡባት። በመክፈቻው ቀን አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ተተኪዋ ሙግቱ መሐል ላይ ቃል ጠፋባትና ዓይኗ ሲቅበዘበዝ፣ እትዬ ሹክታ ከተቀመጠችበት ቃሉን ሹክ አለቻት። ተዋናይዋ ቀጠለች፣ ሕዝቡም አጨበጨበላት። በማግስቱ የያኔው ሥራ አስኪያጅ በርጩማዋን ሰጣት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያች በርጩማ አልተነሳችም።

ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ቤት ዚፕ ትቀይርና ጠርዝ ታጥፍ ነበር። ባል አላገባችም። ታናሽ እህቷ ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ጥላ ሄደች፤ ያቺን ልጅ በሁለት ክፍል ቤቷ አሳደገቻት። ልጅቷን ሰፈሩ ቁንዶ ይላታል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ታቃጥላለች። በልጅነቷ አክስቷ ሥራ ላይ ስትሆን የተዋናዮች ልብስ ክምር ላይ ነበር የምትተኛው። ከፍ ስትል እትዬ ሹክታ ትንፋሽ ከሆድ እንዴት እንደሚሳብ፣ ቃል እስከ መጨረሻው ወንበር እንዴት እንደሚደርስ አስተማረቻት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ልጅቷ መድረክ ላይ ትቆማለች፣ አክስቷ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ካልሰማቻት እጇን ታነሳለች። እጇ እስኪወርድ ልጅቷ ትደጋግመዋለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የቁንዶ ድምፅ ያንን የቆርቆሮ ዝናብ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሆነ።

በዚያ ክረምት ለወጣቶቹ አዲስ አሠልጣኝ ከትልቁ ከተማ መጣላቸው። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል፣ ሁሉንም ሰው «እናቴ»፣ «ወንድሜ» የሚል ሰው ነው። ልጆቹ ወደዱት። የሰጣቸው ሥራ አንድ ነበር፦ የምታውቁትን ሰው፣ ማንም የማያየው ሲመስለው የሚያደርገውን አሳዩኝ። ሦስት ሳምንት በር ዘግተው ሠሩ። ከዋናው ቴአትር ቀጥሎ ለስድስት ቀን እንዲያሳዩት ተወሰነ። የተጻፈ ነገር ስለሌለው ለእትዬ ሹክታ የሚሰጣት ድርሰት አልነበረም። «ዝም ብዬ ቁጭ ልበል?» ብትለው «ይረፉ እንጂ እናቴ፣ የዓመታት ድካም አለብዎት» አላት።

በመጀመሪያው ቀን አንደኛው ልጅ ስስታም አባቱን፣ ሌላዋ የትምህርት ቤቷን ዘበኛ አሳዩ። ሰዉ ለወጉ ያህል ሳቀ። ከዚያ ቁንዶ ወጣች። የውስጥ ቀሚስ የመሰለ ነገር ለብሳ፣ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የቁም ሳጥን መስታወት ፊት እንደቆመች ሆነች። ጉሮሮዋን ጠረገች። አፏን ከፈተችና ያ ትንፋሽ ወጣ፤ የእትዬ ሹክታ ትንፋሽ፣ ቁርጥ እሷን።

«ክቡራን ዳኞች፣ ይህ ቤት የቆመው በአባቴ ትከሻ ነው።»

አዳራሹ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሁለት ቃል አልፈጀበትም። ሳቁ ከኋላ ተነስቶ እንደ ጎርፍ ወደ ፊት መጣ። ቁንዶ አንሶላውን እንደ ካባ እየጎተተች፣ ለሌሉ ዳኞች እየሰገደች፣ አንገቷን እየዳበሰች፣ በዚያች ትንፋሽ ትሟገታለች። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ገመዱን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው አፌን እስክደፍን ሳቅሁ። ትችላለቻ። ልጅቷ ትችላለች።

ኋላ ዞር ስል እትዬ ሹክታን አየኋት። አምፖሏን አጥፍታ ነበር። እጆቿ ባዶ ጉልበቷ ላይ ተቀምጠዋል። ያኔ ገባኝ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ፣ በሯን ዘግታ፣ የተነጠቀችውን ቦታ ለመስታወት ስትጫወት ኖራለች።

መድረኩ ላይ ሳቁ በዝቶ ቁንዶ መቀጠል አቃታት። ቆመች፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፣ ሲበርድ ግን ቀጣዩ ቃል ከአፏ ጠፍቶ ነበር። ዓይኗ ወደ እኛ ዞረ። እትዬ ሹክታ ልትናገር ያሰበች አይመስለኝም፤ እጅ ዝንብን እንደሚከላከል ነው የወጣላት።

«እኔን ከማስወጣታችሁ በፊት ምሰሶውን ጠይቁት።»

አዳራሹ ጸጥ ባለበት ሰዓት ስለነበር ሁሉም ሰማው። ቁንዶ ተቀብላ በዚያው ትንፋሽ ደገመችው። እውነተኛይቱና የተቀዳችው ተከታትለው ሲሰሙ ሰዉ ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለው። በሳቅ ከወንበር የወደቀም ነበር። ቁንዶ ለመስታወቱ እጅ ነስታ «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ እባካችሁ ተቀመጡ» ስትል መጋረጃውን ጣልኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ በላብ ሆና መጣች።

«አክስቴ፣ ተናደድሽ?»

«ከየት አየሽው?»

«በበሩ ስንጥቅ። ከትንሽነቴ ጀምሮ።»

«የተኛሽ ይመስለኝ ነበር» አለች እትዬ ሹክታ።

አሠልጣኙ ሁለቱንም በየትከሻቸው አቅፎ «እናቴ፣ ያቺ ያቀበሏት ቃል፣ እሷ ናት ሥራውን ሥራ ያደረገችው። በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ትቁም፣ እርስዎም በየቀኑ ያቀብሏት» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስድስተኛው ቀን ከትልቁ ከተማ የቴአትር ትምህርት ቤት መምህርት እንደምትመጣ፣ አንድ ልጅ ልትመርጥ እንደምትችል፣ ያቺም ልጅ ማን እንደሆነች እሱ እንደማይጠራጠር ነገራት።

እትዬ ሹክታ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ የአክስቷን ሳይሆን የአሠልጣኙን አፍ ነበር የምታየው።

«ለእሷ የሚጠቅማት ከሆነ» አለች።

በሁለተኛው ቀን አዳራሹ ሞላ። በሦስተኛው ከጎረቤት ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ተበደርን። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ የለጠፈው ወረቀት «እውነተኛዋም ሹክታ አለችበት» ይላል፤ ምን እንደሚሰማት የጠየቃት የለም። መንገድ ላይ ጎረምሶች ከኋላዋ እየተከተሉ በትንፋሽ «ምሰሶውን ጠይቁት» ይሏት ጀመር። ልብስ ሰፊ ቤት አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትቀበል መጥታ፣ እትዬ ሹክታ «ነገ ነይ» ብትላት አፏን ይዛ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ስትነግረኝ እንዳልስቅ ዓይን ዓይኔን እያየች ነበር የነገረችኝ።

በአራተኛው ቀን ቁንዶ አዲስ ነገር ጨመረች። ሙግቱ ካለቀ በኋላ ከደረቷ የፎቶ ፍሬም አወጣች። ማንም አልጠበቀውም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ፍሬሙን አቅፋ በትንፋሽ እንዲህ አለችው፦

«እህቴ፣ ልጅሽን አስተኝቻት መጣሁ። ዛሬም የት ሄደች አለችኝ። መንገድ ነች፣ ትመጣለች አልኳት። እስከ መቼ ልዋሻት?»

ሰዉ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ። እዚያው ላይ ብትተወው ኖሮ ማን ያውቃል። ግን ቁንዶ ዝምታውን ፈራችው መሰለኝ፣ በአንሶላው ጫፍ አፍንጫዋን እንደ ጡሩንባ ነፋችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያቺ ፍሬም ውስጥ ያለችው የልጅቷ የገዛ እናት ናት።

ያን ቀን ዝናብ ስለነበር ሁለቱን በእኔ ጃንጥላ ሸኘኋቸው። እትዬ ሹክታ መሐላችን ሆና እስከ ልብስ ሰፊው ቤት ተራመደች። እዚያ ስንደርስ ቆመች።

«የእናትሽን ነገር ከትዕይንቱ አውጪው» አለቻት።

«አክስቴ፣ ሰዉ በጣም የሚስቀው እኮ እዚያ ላይ ነው።»

«ለዚያ ነው አውጪው የምልሽ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ እኔን እንደፈለግሽ። እሷን ተያት።»

«የኔ እናት ናት፤ ያንቺ ብቻ አይደለችም።»

«የት አውቀሻት?»

ይህ መናገር የማይገባት ነበር፤ ወዲያው እጇን ወደ ልጅቷ ሰደደች። ልጅቷ ግን ከጃንጥላው ወጥታ ዝናብ ውስጥ ቆመች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጠፈ።

«አንቺ ቃል አቀብዪ» አለቻት። «ድርሰት ማረም ያንቺ ሥራ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሦስታችንም ለየብቻ የምንሄድ ይመስል ነበር።

በአምስተኛው ቀን የፎቶ ፍሬሙ ክፍል አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ረዘመ። እትዬ ሹክታ በቦታዋ ተቀምጣ ምሰሶውን አቀበለች። ሲያልቅ በርጩማዋን አንስታ ግድግዳው ጥግ አስቀመጠች፣ አምፖሏን ነቀለች፣ «ደህና እደር» ብላኝ ሄደች። ምን እላታለሁ? አምስት ቀን ሙሉ ስስቅ አይታኛለች።

በስድስተኛው ቀን መምህርቷ መጣች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መነጽር ያደረገች፣ ማስታወሻ ደብተር ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠች ሴት ናት። ሰው በመተላለፊያው ሳይቀር ቆሟል። አሠልጣኙ ከእኛ ተቃራኒ በኩል፣ ከመድረኩ ቀኝ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ አውራ ጣቱን ለቁንዶ ያሳያታል። ዝናብ አልነበረም።

ቁንዶ እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም። ገና ስትወጣ ነው ሰዉ ማጨብጨብ የጀመረው። ተሟገተች፣ ሰገደች፣ አንሶላውን ጎተተች። መምህርቷ ሁለት ጊዜ ስትጽፍ፣ አንድ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «ይህ ቤት የቆመው በአባቴ ትከሻ ነው» አለችና ልጅቷ ቆመች፤ እንደተለመደው ወደ እኛ ዞረች፤ እንደተለመደው አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጆሮውን አቆመ።

ምንም አልመጣም።

እትዬ ሹክታን አየኋት። ታማም፣ ተዘናግታም አልነበረም። ልጅቷን በቀጥታ እያየቻት ነው። አፏ ተዘግቷል፣ እጇ እጇን ይዟል።

ቁንዶ ትንሽ ፈገግ አለች፣ ጠበቀች። ቃሉን አልረሳችውም፤ የማታውቀው ቃል አይደለም። ግን ትዕይንቱ የተሠራው አክስቷ እንድታቀብላት ሆኖ ነው፣ ሕዝቡ የመጣው ያንን ሊሰማ ነው፤ ራሷ ብትናገረው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ጠበቀች። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ መልሶ የሚያጠልቅበት ያህል ጊዜ አለፈ። ኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሰው አሳለ። የልጅቷ ፈገግታ ፊቷ ላይ እንደተለጠፈ ደረቀ።

«አክስቴ» አለች። በራሷ ድምፅ ነበር፤ በዚያ አክስቷ ባስተማረቻት፣ መጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሄደው ድምፅ። ሁሉም ሰማ።

እትዬ ሹክታ አልተነቃነቀችም።

አሠልጣኙ በወዲያ በኩል እጁን እያወናጨፈ መጋረጃውን ጣለው ይለኛል። ገመዱን ያዝኩ። እትዬ ሹክታ ዓይኗን ከልጅቷ ሳታነሳ «አትንካው» አለችኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስታቀብል ተሰሚነት ኖሯት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ታዘዝኳት። ለምን እንደታዘዝኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በመሳቄ ልክሳት ፈልጌ ይሆናል። ከሆነም፣ በልጅቷ ነው የካስኳት።

በመጨረሻ ከመተላለፊያው አንዱ ጎረምሳ አፉን በመዳፉ ከልሎ በትንፋሽ «ምሰሶውን ጠይቂው» አላት። አዳራሹ ሳቀ። የአምስቱ ቀን ሳቅ አልነበረም፤ ይህኛው በልጅቷ ላይ ነበር። ቁንዶ አንሶላውን ከትከሻዋ አወረደችው፣ አጠፈችው፣ ክንዷ ላይ አደረገችውና በቀኝ በኩል ወጣች። ማጠፏ ነው የማይረሳኝ፤ ቤት እንዳለ ሰው፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥማ ነው ያጠፈችው። መጋረጃውን ያኔ ጣልኩት። መምህርቷ መብራት ሳይበራ ወጥታ ሄዳለች።

አሠልጣኙ ወደ እኛ መጣ። ያን ቀን «እናቴ» አላላትም።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴትዮ? የልጅቷን ዕድል ዘጋሽው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ቁንዶ ከበስተኋላው ቆማ ነበር። አላለቀሰችም።

«ታውቂው ነበር?» አለቻት።

«አውቀው ነበር።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

ልጅቷ አንሶላውን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ከትምህርት ቤቱ የመጣ ነገር የለም። በቀጣዩ ዓመት ቁንዶ ትምህርቷን ጨርሳ ሰፈር ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠረች፤ ከዚያም ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ክፍል ተከራይታ ወጣች። ስትወጣ የእናቷን ፎቶ ወሰደች። እትዬ ሹክታ «ሌላ ምንም አልወሰደች፣ ብርድ ልብስ እንኳ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ልብስ ሰፍታ ላከችላት፤ ሁለቱም ጊዜ ሳይፈታ ተመለሰ። አሠልጣኙ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ መጣና ለአዲሶቹ ልጆች ያንን ትዕይንት እንደ ምሳሌ ያወራላቸው ነበር፤ የእትዬ ሹክታን ስም ብቻ አይጠራም፣ ሁሉም ግን ማን እንደሆነች ያውቃል። እሷም በዚያችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

አንድ ቀን፣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ራሷን አዞራትና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ሌላ ቦታ እንሂድ?» ብላት «ቅርቡ ይሻላል» አለች። የዚያን ጠዋት ሻርፗን ለዋወጠች፤ አይቻታለሁ። ተራ ይዘን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የካርድ ክፍሉ መስኮት ተከፈተና ቁንዶ ብቅ አለች። ወፍራለች፣ ነጭ ጋዋን አምሮባታል። ካርድ እያነሳች ስም ትጠራለች፤ ያ ድምፅ ከግቢው በር እስከ መርፌ ክፍሉ ይሰማል። የተጠራ ሰው «አቤት» ይላል፣ ካርዱን ይቀበላል።

የእትዬ ሹክታ ተራ ደረሰ። ቁንዶ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጠራችው፤ እኔ ራሴ ያን ስም የሰማሁት ያኔ ነው።

እትዬ ሹክታ ተነሳችና «አቤት» አለች። ሕፃን እያለቀሰ፣ በር እየተንኳኳ፣ ማን ይስማት። ቁንዶ ግን እያየቻት ነበር። ዓይን ለዓይን።

ደግማ ጠራች። እትዬ ሹክታ እጇን አነሳች።

ሦስተኛ ጊዜ ጠራች። እኔ «አለች» ልል አፌን ስከፍት እትዬ ሹክታ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። አያያዟ ያማል።

«የለችም» አለች ቁንዶ፤ ካርዱን ከስር አድርጋ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

እትዬ ሹክታ እጇን አወረደች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ሌላ ሰው ስለተቀመጠባት ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች፤ የምትጠብቀው ካርዱን አልነበረም፤ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ልጅቷ ስትጣራ ሰማቻት። በማግስቱ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የደም ግፊት ነው ብለው ኪኒን ሰጧት። እየዋጠች ነው።